ጉሮሮ ሲከረክር፣ አፍንጫ ሲደፈን

ካዛንቺስ አዲስ አበባ መሐል የሚገኝ ሰፈር ነው። ያለው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስሙ አማርኛ አይደለም። ጣልያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረረበት ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች እዚያ ቤት ሠርቶ ነበር። ቤቱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባላል። «ካዛ» ማለት ደግሞ ቤት ማለት ነው። «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ቆይቶ በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም ከዚያ ሰፈር ብዙ አይርቅም።

ወደዚህ ሰፈር ከገጠር የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ልጁን ሊጠይቅ ይመጣል። አንዱ ለሕክምና፣ ሌላው ለጉዳይ ይመጣል። ሁለት ሌሊት ካደረ በኋላ፣ «ምን ነካኝ? ጉሮሮዬን ከረከረኝ እኮ! አፍንጫዬም ተደፈነ» ይላል። ዘመዶቹ ይሰበሰባሉ። አንዱ «ብርድ መትቶህ ነው» ይለዋል። ሌላው «ሳይነስ ነው» ይላል። ሦስተኛው «አየሩ አልተስማማህም» ይላል። ለመሆኑ ልክ የሆነው ማን ነው? እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አየሩ ውስጥ ምን አለ?

አዲስ አበባ ደጋ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ አየሩም ይደርቃል። ደረቅ አየር የአፍንጫንና የጉሮሮን እርጥበት ይመጣል። እርጥበቱ ያለቀ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ውሃ አጥቶ እንደ ተሰነጠቀ መሬት ነው።

በዚያ ላይ መኪና አለ። አሮጌ መኪና ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አቧራም አለ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ተብለው ፈርሰዋል። ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደዋል። ቤት ሲፈርስ የሚነሳው አቧራ የጭቃ፣ የኖራና የሲሚንቶ ዱቄት ነው። ሲሚንቶ የግንበኛን እጅ ቆዳ ይበላል። ታዲያ ጉሮሮን እንዴት አይከረክር?

የገጠሩስ አየር? «የገጠር አየር ንጹሕ ነው» ሲባል እንሰማለን። ሜዳው ላይ እውነት ነው። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። ከመቶ የገጠር ቤተሰብ ከዘጠና የሚበልጠው የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በጭራሮ ወይም በከሰል ነው። እናት ምጣድ ጥዳ እንጀራ ስትጋግር ቤቱ ጢስ ይሞላል። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ታዝሏል። እርሷ የምትስበውን ጢስ እርሱም ይስባል። የጎጆውን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩ። ጥላሸቱ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ጣሪያውን ያጠቆረው ጢስ በአፍንጫችንም አልፏል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። ከዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው።

ገበሬውም የራሱ አቧራ አለው። እህል ሲወቃና ሲያነፍስ እብቁ ይነሳል። የሻገተ ድርቆሽ ሲገላብጥ ዱቄቱ ይነሳል። ወይዘሮዋ በርበሬ ስታምስና ስትወቅጥማ ጎረቤት ሁሉ ያስነጥሳል! ይህን የማያውቅ የለም።

በከተማ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ የቡናው ከሰልና የዕጣኑ ጢስ አለ። ዕጣን መዓዛው ደስ ይላል። ነገር ግን በርና መስኮት ተዘግቶ ሲጨስ ለጉሮሮ ጢስ ጢስ ነው። ከሰልስ ከመከርከርም አልፎ ይገድላል። የማይታይና የማይሸት መርዛም አየር ያወጣል። ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሞተው ይገኛሉ። ስለዚህ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

ሳይነስ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «ሳይነስ ያዘኝ» ይላል። ሳይነስ ግን የበሽታ ስም አይደለም። የቦታ ስም ነው። ሁላችንም ሳይነስ አለን። በግንባራችን፣ በዓይኖቻችን መካከልና በጉንጫችን አጥንት ውስጥ ባዶ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ወደ አፍንጫ የሚወስድ ጠባብ በር አለው። ክፍሎቹ ቀጭን ንፍጥ ያመነጫሉ። ንፍጡ በጠባቡ በር ወደ አፍንጫ ይወርዳል።

ስለ ንፍጥ አንድ ነገር እንጨምር። ንፍጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አፍንጫ በር ብቻ ሳይሆን ወንፊትም ነው። ፀጉሩና ንፍጡ አቧራውን ይይዙታል። በርበሬ የወቀጠች ሴት ስትናፈጥ ንፍጡ ቀይ ነው። ጢስ ውስጥ የዋለች ስትናፈጥ ጥቁር ነው። ወንፊቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ጉንፋን ሲይዘን የአፍንጫ ውስጥ ቆዳ ያብጣል። ያን ጊዜ ጠባቡ በር ይደፈናል። ንፍጡ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ግንባርና ጉንጭ ይከብዳሉ። ጎንበስ ስንል ሕመሙ ይብሳል። ንፍጡ በጉሮሮ በኩል ወደ ኋላ ይንጠባጠብና ጉሮሮን ይከረክራል። ሌሊት ያስለናል። ስለዚህ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕመም ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ።

ራስ ምታት ሁሉ ግን ሳይነስ አይደለም። በአንድ ወገን የሚወጋ፣ ብርሃን የሚያስጠላና የሚያስመልስ ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ማይግሬን የሚባለው ነው። አፍንጫው ሳይደፈን፣ ንፍጥ ሳይኖረው ዓመት ሙሉ «ሳይነስ ነኝ» የሚል ሰው ሐኪም ቢያየው ይሻላል። ምናልባት ያለ በሽታው መድኃኒት እየፈለገ ይሆናል።

ጉንፋን የሚመጣው ቫይረስ ከሚባል ዓይን ከማያየው ተውሳክ ነው። ከሰው ወደ ሰው በእጅ፣ በሳልና በማስነጠስ ይተላለፋል። ብርዱ ብቻውን ጉንፋን አይፈጥርም። ሲበርድ ግን ሰው ቤት ዘግቶ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ተውሳኩም በቀላሉ ይዛመታል። ቫይረስን አሞክሳሲሊን አይገድለውም። የጎረቤት ትርፍ ክኒን ተበድሮ መዋጥ ገንዘብን ማባከን ብቻ አይደለም። በሌላ ጊዜ መድኃኒቱ በእርግጥ ሲያስፈልግ ተውሳኩ ተላምዶት እምቢ እንዲል ያደርጋል።

በቤት ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው መድኃኒት ጨውና ውሃ ነው። ርካሽ ነው፤ በየቤቱ አለ። ለጉሮሮ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተጉመጥመጡና ትፉት። አይዋጥም። ለአፍንጫ ደግሞ ውሃው የግድ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። የወንዝ ወይም የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ ወደ አፍንጫ አይገባም፤ አደገኛ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላልና። ጨውነቱ እንደ እንባ ይሁን። ከእንባ ከበዛ ያቃጥላል። ጎንበስ ብሎ በንጹሕ እጅ ወይም በንጹሕ ስሪንጅ፣ መርፌው ወጥቶለት፣ በአንዱ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ማስገባትና ማስወጣት ነው። መጀመሪያ ሲሞክሩት አይመችም። ከዚያ ይለመዳል። የተደፈነው ይፈታል።

ሁለተኛው እንፋሎት ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅለን እንታጠናለን። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ዛሬ እንደ አገር ልጅ ሆኗል። ሽታው አፍንጫን ይከፍታል፤ እንፋሎቱ የደረቀውን ንፍጥ ያለዝባል። ተውሳኩን ግን አይገድልም። እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንፋሎት ሌላ፣ ጢስ ሌላ ነው። ቅጠል በፍም ላይ አድርጎ ጢሱን መታጠን የታመመውን ጉሮሮ መልሶ ማቃጠል ነው። በፈላ ውሃም አትቸኩሉ። ድስቱን ከምድጃ አውርዱ፤ መሬት ላይ አደላድሉ፤ ጥቂት ይብረድ። ትንሽ ልጅን በፈላ ውሃ ላይ ማጎንበስ አይገባም። ድስት ተገልብጦ የተቃጠሉ ልጆች አሉ። የባሕር ዛፍ ዘይትም አይጠጣም፤ መርዝ ነው።

ማርስ? ማር ጥሩ ነው። ደረቅ ሳልን ያስታግሳል፤ የተላጠ ጉሮሮን ያለሰልሳል። አንድ ማንኪያ ማር በሞቀ ውሃ፣ ሎሚ ጠብ አድርጎ፣ ማታ ከመኝታ በፊት መጠጣት ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በጭራሽ አይሰጥም። ማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ ተውሳክ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ሰውነቱን ያልመዋል፤ ትንፋሹን ሊያቆመውም ይችላል። አራስ ልጅን ማር ማላስ የሚለመድበት አገር ካለ ይህን ለሁሉም ንገሩ።

የጦስኝና የዝንጅብል ሻይም ይጠቅማል። ሙቀቱ ብቻውን እንኳ ጉሮሮን ያሳርፋል። ዳማከሴ ጨምቀው በቡና የሚጠጡ፣ ግንባራቸውን የሚቀቡም አሉ። ወላጆቻችን ለምች የሚያውቁት ቅጠል ነው። ጤና አዳም ግን እርጉዝ ሴት ብዙ መጠጣት የለባትም፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት በምግብ ይበላ፤ አፍንጫ ውስጥ አይወተፍ። ፌጦም እንዲሁ ነው፤ በአፍንጫ ከገባ ቆዳውን ይልጣል። «አረቄ ጉሮሮ ይጠርጋል» የሚሉም አሉ። አረቄ ጉሮሮን ያደርቃል፤ የተቆጣውን የበለጠ ያስቆጣል። የሚናገረው ጠጪው ነው፤ ጉሮሮው ቢጠየቅ ሌላ በተናገረ!

ሲጋራም ከዚያው ወገን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በሆቴል፣ በቡና ቤትና በመሥሪያ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በገዛ ቤታችን ልጆች ፊት የሚያጨስ ሰው ካለ ግን ከልካዩ እኛው ነን።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የአፍንጫ ጠብታ ቶሎ ይከፍታል። ሰው ስለሚደሰትበት ወር ሙሉ ይጠቀምበታል። ከአምስት ቀን ካለፈ መልሶ የሚደፍነው ራሱ ጠብታው ነው።

ጢሱን ለመቀነስ የማብሰያ ቤትን ከመኝታ ቤት መለየት ይረዳል። ከምድጃው በላይ የጢስ መውጫ ቀዳዳ ማበጀት፣ እንጨቱን አድርቆ ማንደድ፣ ልጁን ከጀርባ አውርዶ ውጭ ለሌላ ሰው ማስያዝ ይቻላል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶ ይሠራል። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል። እንጨት ሲቀንስ ጢሱም ይቀንሳል፤ ሸክሙም ይቀንሳል።

የልጅ ጉሮሮ ሲታመም

እስካሁን ያወራነው በሳምንት ስለሚድን ሕመም ነው። አሁን ስለማይናቀው እናውራ።

እንዲህ እንበል። ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ፣ አንዲት ሴት ከመንዝ የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ ታላቅ እህቷ ዘንድ መጣች። ልጁን ትኩሶታል። ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። አይስልም፤ ንፍጥም የለውም። አንገቱ ሥር እጢ አብጧል። እህትማማቾቹ ይነጋገራሉ።

«አንቺ፣ ይህ ልጅ እንጥሉ ወርዶበት ነው» አለች ታላቂቱ። «እዚህ ከኋላችን አንዲት እጇ የቀና ሴትዮ አለች። ቆንጠር ታደርግለታለች። ነገ ይሮጣል።»

«አይሆንም እትዬ፣ አይሆንም።»

«ምነው? እኛስ ተቆርጠን አይደል ያደግነው?»

«ያደግነውማ እኛ ነን፤ የሞቱት መች ይናገራሉ? የጎረቤታችን ልጅ ደም ሲፈሰው አድሮ ነው ያለፈው። እኛ ዘንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስንት ጊዜ አስተምራናለች።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ ልታዪው ነው?»

«ዝም አልልም። ጤና ጣቢያ ውሰጅን። መንገዱን አላውቀውም እንጂ ይኸኔ ሄጄ ነበር።»

ታላቂቱ ነጠላዋን አጣፋች፤ ወጡ።

እናቲቱ ያለችው ልክ ነው። እንጥል በጉሮሮ መግቢያ ላይ የተንጠለጠለች ሥጋ ናት። ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ትረዳለች። ጉሮሮ ሲቆጣ እርሷም ታብጣለች። «ወረደ» የሚባለው ይህ ነው። ሕመሙ ሲድን እብጠቱ ይጎድላል። በምላጭ፣ በክር ወይም በጥፍር ከተቆረጠች ደም ይፈሳል። ቁስሉ ይመረቅዛል። ቴታነስና ሌላም በሽታ ይገባል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ የሕፃን እንጥል መቁረጥን በስሙ ጠርቶ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ጋር ቆጥሮታል። ድርጊቱ ለሞት ወይም ለጉዳት ከዳረገ ያስቀጣል።

ጤና ጣቢያ የሄደው ልጅ ምን ይደረግለታል? ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ያያል። ትኩሳት ካለው፣ ሳልና ንፍጥ ከሌለው፣ እጢው ካበጠ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጫጭ ነገር ከታየ፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ይጠረጥራል። ይህኛው እንደ ጉንፋኑ ቫይረስ አይደለም። ፔኒሲሊን ይገድለዋል። ፔኒሲሊን በ1921 ዓ.ም. የተገኘ መድኃኒት ነው፤ ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ አልቻለውም። አንድ መርፌ ይበቃል። ወይም ለአሥር ቀን የሚዋጥ ይታዘዛል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ይሻለዋል፤ ይጫወታል። ብዙ እናቶች ያን ጊዜ መድኃኒቱን ያቆሙና ቀሪውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡታል። ስሕተቱ እዚህ ነው። አሥሩም ቀን መሞላት አለበት።

ለምን? ጉሮሮው ቢሻለውም ነገሩ በልብ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ይህ ባክቴሪያ ሳይታከም ሲቀር፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ የአንዳንዱ ልጅ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ዛሬ አንዱ መገጣጠሚያ፣ ነገ ሌላው ይታመማል። ከጉሮሮው ጋር ማን ያገናኘዋል? ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የገዛ ልቡን ይጎዳል። የልብ በሮች ይጠባሉ፤ ወይም መዝጋት ያቅታቸዋል። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች በብዛት ይያዛሉ። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ውሃ ቀድታ ዳገት መውጣት ያቅታታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እግሯ ያብጣል። አግብታ ስታረግዝ ሕመሙ ይከፋባታል፤ በምጥ ጊዜ ልትሞት ትችላለች። በሀብታም አገሮች ይህ የልብ በሽታ ብርቅ ሆኗል። በአገራችን ግን ዛሬም ወጣቶችን ይጥላል። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አለ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወላጆች እዚያ ተራ ይጠብቃሉ። ከነዚህ ልጆች የብዙዎቹ በሽታ የጀመረው በጉሮሮ ነው።

በቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች እነሆ። ልጁ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ፣ አፉን መክፈት ካቃተው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ አትዘግዩ። በጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ከታየ ክትባት ያልወሰደ ልጅ ዲፍቴሪያ ይዞት ይሆናል። ክትባቱ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ይሰጣል። የአፍንጫው መደፈንም ከአሥር ቀን ካለፈ፣ ወይም ተሽሎት እንደገና ከባሰበት፣ ይታይ። የዓይኑ ዙሪያ ካበጠና ቀይ ከሆነ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። ሳይነሱ ከዓይንና ከአንጎል ጋር ጎረቤት ነው።

ልቡ አንዴ የተነካ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳል። ለዓመታት ነው። መርፌው ያማል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ አጨዳ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ቀጠሮ ይታለፋል። የሚቀጥለው ቀን ካርዱ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ካርዱን ግድግዳ ላይ፣ ልጁም እናቱም በሚያነቡት ቦታ ስቀሉት።